እጄ ተይዟል፦ የዝናብ ቀን የእጅ ሥራ በአዲስ አበባ ቤቶች

የዝናብ ቀን የእጅ ሥራ ማለት ሰማዩ በጠቆረበት፣ ደጁ በጨቀየበትና መውጣት ትርፉ ጉንፋን በሆነበት ቀን፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በክር፣ በሣር፣ በወረቀት ወይም በሽቦ የሚከናወን፣ ማንም ያላዘዘውና አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማይጨርሰው ሥራ ነው። ከሙያ የሚለየውም ይኸው አለማለቁ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የጀመረውን ነጠላ ይጨርሳል፤ ደንበኛ ይጠብቀዋልና። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ የተጀመረ ዳንቴል ግን የሚጠብቀው ሰው የለም። ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ እስከ እንቁጣጣሽ ሳይጠናቀቅ ቢሻገር እንደ ጉድለት አይቆጠርበትም።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ለእጅ ሥራ ግን የዘመኑ ፍሬ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች ክረምቷ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ብርድም ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውን የምትቀበለውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የቀኑ አካሄድ ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፤ ፀሐይ ወጣች ተብሎ ልብስ ይታጠባል፤ ልብሱ ተሰጥቶ የመጨረሻው ካልሲ ገመድ ላይ ሲቆነጠጥ በእንጦጦ በኩል ይጠቁራል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆች ቤት ናቸው፤ የመጣ እንግዳም ካለ አይወጣም። በዚህ ሁኔታ አንድ ክፍል ውስጥ ከስድስት ያላነሱ ሰዎችና አሥራ ሁለት ሥራ ያጡ እጆች ይከማቻሉ።

ዝናብ ሁሉ ግን እጅ ሥራ አያስጀምርም። ካፊያ አያስጀምርም፤ ካፊያ ሲጥል ሰው «አሁን ያባራል» እያለ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፣ ቆሞ ደግሞ ዳንቴል አይሠራም። ዶፍም ብዙ አይጠቅምም። አወራረዱ ግርማ ቢኖረውም ዕድሜው አጭር ነው፤ የክሩን ጫፍ ፈልገው እስኪያገኙ አባርቶ ያድራል። ወጨፎ ጭራሹን ጠላት ነው፤ በመስኮትና በበር ሥር ስለሚገባ እጅን ሁሉ ለመወልወያ ጨርቅ ይመለምላል። የእጅ ሥራ እናት እኝኝ የሚለው ዝናብ ነው። እሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ ቀጠሮም አያከብርም። ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ ያው እንደሆነ ሲቆይ፣ ሰው ተስፋ ይቆርጥና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ የተቀመጠውን ፌስታል ያወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ጣሪያው ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ ሁለት ነገሮች ይቆማሉ፤ ወሬና ቴሌቪዥን። የቴሌቪዥኑ ድምፅ እስከ መጨረሻው ቢለቀቅም ከዜና አንባቢው የሚገኘው ከንፈሩ ብቻ ነው። ወሬም ቢሆን ሦስት ጊዜ «ምን አልሽ?» ከተባለ በኋላ ለዛው ያልቃል፤ ለሐሜት የሚመጥን ነገር ደግሞ ጮክ ተብሎ አይነገርም። አፍ ሲዘጋ እጅ ይከፈታል። ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ ሳፋ፣ ባልዲና የወጥ ድስት እንደየአስፈላጊነቱ ወለል ላይ ይደረደራሉ። ይህን አደራደር እንደ ሥነ ጥበብ የሚያዩ አሉ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በየራሱ ድምፅ ጠብ ጠብ ሲያሰኝ ዜማ አለው መባሉም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አደራደሩ በሠሪው ምርጫ ሳይሆን በሚስማሩ ቀዳዳ ስለሚወሰን እዚህ አይካተትም።

ዝናብና ጣሪያ ሰውን ያስቀምጣሉ እንጂ ለምን ባዶ እጁን እንደማይቀመጥ አያስረዱም። ለዚህ መልሱ የሚገኘው በመላላክ ሥርዓት ውስጥ ነው። በአንድ ቤት ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው ዐርፎ እንደተቀመጠ አይቆጠርም፤ ለመላክ የተዘጋጀ ተደርጎ ነው የሚታየው። ዝናብ ደግሞ መልእክት ያበዛል። ልብሱን ማስገባት፣ ከሰሉን ከደጅ ማንሳት፣ ሳፋው ሲሞላ መድፋት፣ ከሱቅ ክብሪት መግዛት ሁሉ የሚመጣው ሰው መውጣት በማይፈልግበት ሰዓት ነው። ከጓዳ «ማነው እዚያ ያለው?» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጥያቄው ማንነትን ለማወቅ የቀረበ አይደለም። ጠያቂዋ ማን እንዳለ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አብራቸው ምሳ በልታለች። «አቤት» ያለ ሰው ራሱን በፈቃዱ ለሱቅ መንገድ አጭቷል። ይህን ለማምለጥ አንድ የታወቀ መልስ ብቻ አለ፤ «እጄ ተይዟል» የሚለው።

የተያዘ እጅ ሁሉ ግን እኩል አይከበርም። ከሁሉም በላይ ያለው የተኛ ሕፃን የያዘ እጅ ነው፤ ይህን የሚደፍር የለም፣ እንዲያውም ሌላው ሰው በጣቱ ጫፍ ይራመድለታል። ሊጥ የነካ እጅ ይከተላል። ከዚያ ክርና መርፌ የያዘ እጅ ይመጣል፤ ሙሉ በሙሉ ነጻ ባያወጣም ጊዜ ይሰጣል። መጽሐፍ የያዘ እጅ ደካማ ነው፤ አንባቢ በቤተሰብ ዘንድ «ዝም ብሎ የተቀመጠ» ተብሎ ነው የሚታወቀው፣ ገጹን ምልክት አድርጎ መነሳት ይችላልና። ስልክ የያዘ እጅ ግን ከባዶ እጅም ያነሰ ነው። ባዶ እጅ ይላካል፤ ስልክ የያዘ እጅ ተመክሮ ይላካል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ዳንቴል የበላይነቱን ያገኘው በውበቱ ብቻ አለመሆኑ ይገለጣል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ከትንሽ ጥርስ የወጣ ስም ሲሆን የጠርዙን አቀራረጽ ያስታውሳል። መሥሪያው ኪሮሽም ከዚያው ቋንቋ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ዳንቴሉ የሚነጠፍበት ቡፌም ፈረንሳይኛ ነው፤ ሦስቱም ከለገሃር ስም ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሥራው ከመሀል ይጀምራል። ጥቂት ቋጠሮዎች ተያይዘው ክብ ይሆናሉ፣ በዚያ ክብ ላይ ሌላ ዙር ይታከላል፣ በዚያም ላይ ሌላ። አንዲት ሴት «ማነው እዚያ?» ስትባል ሳትነሳ የምትሰጠው መልስ «ይቺን ዙር ልጨርስና» ነው። የዚህ መልስ ኃይል በጂኦሜትሪ የተደገፈ ነው። የክብ ዙሪያ ከመሀሉ በራቀ መጠን ይረዝማል፤ ከመሀል ያለው ርቀት አሥር እጥፍ ሲሆን ዙሪያውም አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ቢያልቅ፣ ወደ ጠርዙ የተጠጋው ዙር ልብሱ ገመድ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ እስኪታጠብ ያቆያል። አራት ማዕዘን ዳንቴል ከመሀል ሳይሆን ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲሠራ መስመሩ ሁልጊዜ እኩል ነው፣ ሰበቡም አያድግም። ክቡ ለምን እንደሚበዛ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዳንቴል ከሠሪዋ እጅ ወጥቶ ዕቃ ከሆነ በኋላ ተግባሩ ማልበስ ነው። ሬዲዮ ይለብሳል፣ ፍሪጅ ይለብሳል፣ የሶፋ መደገፊያ ይለብሳል፣ በየቤቱ የገመድ ስልክ በነበረበት ዘመን ስልኩም ይለብስ ነበር። ሲጠየቁ የሚሰጠው ምክንያት አቧራ ነው። ይህ ምክንያት ይመረመር ዘንድ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ዳንቴል አብዛኛው ክፍሉ ቀዳዳ ነው። አቧራ በቀዳዳው አልፎ ዕቃው ላይ ያርፋል፤ ያላለፈው ክሩ ላይ ይቀራል፤ አሁን የሚጸዳው አንድ ዕቃ ሳይሆን ሁለት ነው። ቤተሰቡ ይህን ያውቃል። መፍትሔውም ዳንቴሉን ከአቧራ ለመከላከል በላዩ ላስቲክ ማልበስ ሆኖ ተገኝቷል፤ በብዙ ቤቶች የምግብ ጠረጴዛ ላይ ይህ ሦስትዮሽ አሠራር እስከ ዛሬ ይታያል። ጠረጴዛው በዳንቴል፣ ዳንቴሉ በላስቲክ ይጠበቃል። ላስቲኩን የሚጠብቀው እስካሁን አልተሠራም።

ከለበሱት ዕቃዎች ሁሉ የላቀ ማዕረግ የነበረው ቴሌቪዥን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወደየቤቱ የገባው መሣሪያ ጀርባው ያበጠ፣ አናቱ ሰፊ ነበር። ዳንቴሉ በሰያፍ ይነጠፍና አንዱ ማዕዘን በመስተዋቱ ላይ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሥርጭት ሲጀመር ማዕዘኑ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። ከዚያ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን መጣ። አናቱ ከጣት ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ስለሆነ ዳንቴል አይቀመጥበትም፤ ቢንጠለጠልም በር በተከፈተ ቁጥር ይወድቃል። ቤቶች በዚህ ፈተና የተለያየ መንገድ ተከተሉ። አንዳንዱ ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ ሥር አነጠፈ፤ አንዳንዱ ሪሲቨሩን አለበሰ፣ ሪሲቨሩም ሞቆት መሥራት አቆመ። የዳንቴል ምርት ግን በዚህ አልቀነሰም። ይህም ሥራው ከመጀመሪያውም ለቴሌቪዥን ተብሎ እንዳልነበረ ጥሩ ማስረጃ ነው።

መብረቅ ሲጀምር የእጅ ሥራው ለአጭር ጊዜ ይቋረጣል። ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ይነቀላል። ቀይ ነገር መብረቅ ይጠራል የሚለው እምነት በጸናባቸው ቤቶች ቀዩ ድውር ክር ከሌላው ተለይቶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መብረቅ ቀለም መርጦ እንደማይወርድ ማስረዳት ይቻላል፤ አያት ባሉበት ማስረዳት ግን አይመከርም። በተረፈ ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ብልጭታውንና ነጎድጓዱን የሚለየውን ጊዜ የቆጠረ ሰው ርቀቱን ማወቅ ይችላል። ዳንቴል ሠሪዎች ቋጠሮ መቁጠር የለመዱ በመሆናቸው ለዚህ ልኬት የተመቹ ናቸው። ችግሩ ሲደነግጡ ሁለቱንም ቁጥር መርሳታቸው ነው።

ፈትል ከዚህ ሁሉ የተለየ ቦታ ይይዛል፤ ምክንያቱም ከክር ሥራዎች የሚያልቅ እርሱ ብቻ ነው። ፈታይዋ አብዛኛውን ጊዜ አያት ናቸው። ከመስኮቱ ሥር በዝቅተኛ በርጩማ ይቀመጣሉ፤ በግራ እጃቸው ባዘቶውን ይይዛሉ፤ በቀኝ እጃቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽተው ይለቁታል። እንዝርቱ እየሾረ ሲወርድ ባዘቶው ከጣታቸው መሀል እየሳሳ ይወጣል፣ ክር ይሆናል፣ ይጠቀለላል፤ ደግመው ያሹታል። ክሩ ሲበጠስ ጣታቸውን ምራቅ ነክተው ሁለቱን ጫፍ ያገናኙና ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላሉ። ዐይናቸው እንዝርቱ ላይ አይደለም። በሩ ላይ፣ ልጆቹ ላይ፣ ሽሮው እየገነፈለ እንደሆነ ጓዳው ላይ ነው። የተፈተለው ልቃቂት ይሆናል፣ ልቃቂቱ በዘንቢል ይጠራቀማል፣ ሲበቃም ለሸማኔ ይሰጣል፤ አራት እጥፍ ሆኖ የሚለበስ ጋቢ ብዙ ክር ይበላልና ዘንቢሉ ቶሎ አይሞላም። አያት «እጄ ተይዟል» ሲሉ ተሰምቶ አይታወቅም። የሚልኩ እንጂ የሚላኩ ስላልሆኑ ሰበብ አያስፈልጋቸውም፤ ሥራቸው የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ስፌት በአዲስ አበባ ሳሎኖች እየሳሳ ቢመጣም አልጠፋም። ስንደዶና አክርማ ይፈልጋል፤ ለጌጡ በቀለም የተነከረ አለላ፣ ለመውጊያው ወስፌ። ሣሩ ሲደርቅ ስለሚሰበር አስቀድሞ ውኃ ይነካል፤ በክረምት ግን ራሱ የቤቱ አየር ያረጥበዋል የሚሉ አሉ። ሣር ያጣ ቤት የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮ በክሩ ይሰፋል፤ የዚህ ሰፌድ ቀለም ከአለላ የሚያስንቅ ድፍረት አለው። ስፌትም እንደ ክብ ዳንቴል ከመሀል እምብርት ጀምሮ ዙር በዙር የሚሰፋ ስለሆነ ቀደም ሲል የተገለጸው የዙር ሕግ ይሠራበታል። በተጨማሪም አንድ የራሱ ብልጫ አለው። ወስፌ ሹል ነው። ወስፌ በእጇ የያዘችን ሴት ለሥራ የሚጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው።

ስለ ጥልፍ ብዙ የሚባል የለም። ሁለት ወፎች ፊት ለፊት፣ መሀላቸው አበባ፣ ከሥር «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይጠለፋል። ጽሑፉ ከዳር ተጀምሮ ጨርቁ ሳይበቃው ስለሚቀር የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ጠበብ ብለው ይታያሉ፤ እንግዳው ግን ሐሳቡን ይረዳል።

ወንዶች የእጅ ሥራ አይሠሩም የሚለው አስተያየት ከስያሜ ልዩነት የመጣ ስሕተት ነው። ይሠራሉ፤ ስሙ ጥገና ይባላል። ቋንቋውም ሌላ ነው። ዳንቴልና ኪሮሽ ፈረንሳይኛ ሲሆኑ ካቻቢቴና ፒንሳ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አገሮች በአንድ ሳሎን በሰላም ይውላሉ። የጥገናው ዋና ማቴሪያል የሚሠራ ሬዲዮ ነው። የማይሠራ ሬዲዮ ተስፋ ስለማይሰጥ አይመረጥም። አባወራው ጋዜጣ ያነጥፋል፣ ብሎኖቹን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ያኖራል፣ ከውስጥ ያለውን አቧራ እፍ ይልና ለረጅም ጊዜ ያያል። ማየቱ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው። ሲገጠም ሁለት ብሎን ይተርፋል። ከዚያ ሬዲዮው ቢሠራ፣ ፋብሪካው ያለ ጥቅም ያስገባቸው እንደነበሩ ይታመናል፤ ባይሠራ ቀድሞም ይህን ያህል ደህና እንዳልነበረ ይነገራል። የተረፉት ብሎኖች የድሮ ቁልፎች ወዳሉበት ጣሳ ይገባሉ። ከሬዲዮ ቀጥሎ ጃንጥላ ይመጣል። የወለቀው ዘንግ ከጨርቁ ጋር በመርፌና በክር ይያያዛል፤ ይህ በትክክል ልብስ ስፌት ቢሆንም ለባለቤቱ መንገር አያስፈልግም። ጥገና ከመላላክ በማዳን ረገድ ከዳንቴል ይበልጣል። የተፈታታ ነገር ጥሎ የሚነሳ ሰው እንዳይኖር ሁሉም ይፈልጋል፤ ሕፃኑ ብሎን ይውጣልና።

ልጆች ከሁሉም የበለጠ ያመርታሉ። ጥሬ ዕቃቸው የተፈተኑበት ደብተር ነው። ሰኔ ላይ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ደብተሩ ለዕውቀት የሚሰጠው ጥቅም ስለሚያበቃ ለወረቀትነቱ ይፈለጋል። የሒሳቡ ደብተር ቶሎ ያልቃል፤ የግብረ ገቡ ገና ብዙ ነጭ ገጽ ያለው ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ምርት ጀልባ ነው፤ በበሩ ፊት በሚወርደው ጎርፍ ላይ ይለቀቅና እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ በዐይን ይሸኛል። ሁለተኛው ለቡሄ የሚገመደው ጅራፍ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ስለሆነ ግመዳው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይጀምራል፤ ልጥ ወይም ቃጫ ይርሳል፣ ይገመዳል፣ ጫፉ ይሳሳል። ጅራፍ የሚጮኸው በሰፊ ደጅ ነው። ደጁ ዝናብ ስለሆነ ሙከራው በሳሎን ይደረጋል፤ ከሲኒ መደርደሪያው ላይ የጎደለው ስኒ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው በዚህ ሳምንት ነው። ያኔ ጅራፉ ተወርሶ ቁም ሣጥን አናት ላይ ከዳንቴሉ ፌስታል አጠገብ ይቀመጣል።

ሦስተኛውና ታላቁ ምርት የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ መስከረም 1 ቀን ማለዳ ለዘመድና ለጎረቤት ተሰጥቶ ገንዘብ ማግኘት። ስለዚህ ከጅራፉ በቀር በዚህ ጥናት ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ የመጨረሻ ቀን ያለው እርሱ ብቻ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት የሥራው ግፊት የሚበዛበት ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን በየአራት ዓመቱ አንድ ተጨማሪ የማምረቻ ቀን ይገኛል፤ ሆኖም የሥዕሉ ቁጥር በዚያ ዓመት ሲጨምር አይታይም፣ ሁሉም ወደ መጨረሻዋ ማታ ይገፋልና። አሠራሩ በሥራ ክፍፍል ነው። ታላቅ እኅት ትነድፋለች። ተከታዩ የመጀመሪያውን ሥዕል በመስኮቱ መስተዋት ላይ ለጥፎ በላዩ ሌላ ወረቀት አድርጎ ይገለብጣል፤ ሰማዩ ከጠቆረ መስመሩ ስለማይታየው ተራራው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ትንሹ ቀለም ይቀባል። የከለር እርሳሱ በሙሉ ሲቀረጽ ቢጫው ከሁሉም አጥሮ ይገኛል። ፀሐይዋ ቢጫ ናት፣ አደይ አበባም ቢጫ ናት፣ ጨረሩም ቢጫ ነው። ቢጫው ሲያልቅ ብርቱካናማ ይተካዋል፤ የዚያን ጊዜ የተሣሉት አደዮች በተፈጥሮ የማይገኙ ናቸው፣ ተቀባዩ ግን ከፍሎባቸዋል።

ፀሐይዋ ፊት አላት፤ ሁለት ዐይን፣ ሁለት ቅንድብ፣ አንዳንዴም ሽፋሽፍት። በአገሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ኃጥአን በጎን በአንድ ዐይን እንደሚሣሉ ይታወቃል። በዚህ መለኪያ የእንቁጣጣሽ ፀሐይ ከጻድቃን ወገን ናት፤ ለሦስት ወር ያህል የት እንደነበረች ግን አልተጠየቀችም። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በሩን ከፍቷል፤ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ትምህርት ቤት ከዚያ በፊትም በኋላም ሶፋና መስኮት መካከል ያለው ምንጣፍ ነው። የገበያው ጠባይም የተለየ ነው። ዋጋው የሚወሰነው በሥዕሉ ጥራት ሳይሆን ተቀባዩ ዝርዝር ገንዘብ በመያዙና ባለመያዙ ነው። ዝርዝር የሌለው ሰው ወይ ብዙ ይሰጣል ወይ ምርቃት ይሰጣል። ልምድ ያላቸው ሠዓሊዎች በዋዜማው ሱቅ ሄደው ሳንቲም የመነዘረ ጎረቤት ማን እንደሆነ ይሰልላሉ፤ ለሱቅ መላክን የማይጠሉበት የክረምቱ ብቸኛ ቀንም ይኸው ነው።

መብራት መሄድ የክረምት ከሰዓት ልማድ ነው። የቤት አማርኛ መብራትን እንደ ሰው «ሄደ»፣ «መጣ» ይለዋል እንጂ «ተቋረጠ» ብዙም አይለውም፤ የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም፣ ሲመጣ ግን በእልልታ ይቀበሉታል። ሲሄድ ጥልፍና ዳንቴል ይቆማሉ፤ ጥገናም ይቆማል፣ ብሎኖቹ ግን በጨለማ መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ፈትል አይቆምም። ሻማ ከተለኮሰ በኋላ ግድግዳው ላይ በጣት ጥላ መሥራት ይጀመራል። ውሻ ይሠራል፣ ወፍ ይሠራል፣ ሦስተኛ እንስሳ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ይህ ጥበብ ዕቃ አይፈልግም፣ ቅሪት አይተውም፣ አይጠናቀቅም፤ ከመላላክም አያድንም፣ እጁ ሲታይ ባዶ ነውና። ሻማ እንድታመጣ የምትላከውም ወፉን የሠራችው ልጅ ናት።

የቡናን ነገር በተመለከተ አንድ ያልተፈታ ተቃርኖ አለ። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥና እስኪፈላ እጁ ያልተያዘ ሰው ቤቱ ውስጥ አይገኝም። አቦሉ ተቀድቶ ስኒው ሲዞር ግን አንድም የተያዘ እጅ አይታይም። ኪሮሹ ሶፋው ላይ ይጣላል፣ ወስፌው ምንጣፉ ላይ ይተከላል፣ ካቻቢቴው ኪስ ይገባል። የተጠበሰ የበቆሎ እሸትም በተመሳሳይ መልኩ የተያዙ እጆችን ሁሉ ያስለቅቃል። ቶናና በረካ እስኪያልቁ ዳንቴሉ አንድ ዙር እንኳን አይጨምርም፤ ከዚያ ስኒ ማጠብ ሲመጣ ሁሉም ወደየሥራው በትጋት ይመለሳል።

ዝናቡ ማባራቱ የሚታወቀው ቆርቆሮው ዝም ሲል ነው። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ያዳምጣል። ከዚያ ልጆቹ ጀልባቸውን ፍለጋ ይወጣሉ፣ አባወራው ጃንጥላውን ለመሞከር ዝናብ በሌለበት ደጅ ይከፍተዋል፣ ልብሱ ገመድ ላይ እንደገና ይሰጣል፣ እንግዳውም «በሉ አሁን ልሂድ» ብሎ ለተጨማሪ ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ያወራል። የእጅ ሥራው ይጠቀለላል። ዳንቴሉ ከነክሩ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ፌስታሉ ይቋጠርና ቁም ሣጥን አናት ላይ ይወጣል። ኪሮሹ ግን ፌስታሉ ውስጥ አይገባም። ቡና ሲቀርብ በተጣለበት ሶፋ ትራስና እጀታ መካከል ገብቶ መስከረምን፣ ገናንና ፋሲካን እዚያው ያሳልፋል። በቀጣዩ ክረምት ሲፈለግ ይጠፋል፤ መሳቢያ ይገለበጣል፣ ልጆች ይጠየቃሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ዝናብ አባሮት የገባ እንግዳ ነው፤ «አረፍ በል» ተብሎ በተቀመጠበት ቅጽበት። ጨዋ እንግዳ ከሆነ አይጮህም።